ከአቶ ዳና ጋር ዘጠኝ ሜትር ላይ

ስለ ሮለር ኮስተር አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁኝ፣ ምሳችሁ እስኪቀዘቅዝ አወራችኋለሁ። ከእንጨት የሚሠራ አለ፣ ከብረት የሚሠራ አለ። ተቀምጠው የሚጋልቡት አለ፣ ቆመው የሚጋልቡት አለ፣ ሐዲዱ ከላይ ሆኖ የሰው እግር አየር ላይ የሚንጠለጠልበትም አለ። በቁመት ሲመደቡ ደግሞ ከስድሳ ሜትር ትንሽ ያለፈው ሃይፐር ይባላል፣ ከዘጠና ያለፈው ጊጋ፣ ከመቶ ሃያ ያለፈው ስትራታ። ሰው ከጋለባቸው ሁሉ ትልቁ ለብዙ ዓመት አሜሪካ የነበረው ነው፤ እሱ ፈርሷል፣ አሁን ሳውዲዎች በረሃ ውስጥ ከገደል ላይ ቁልቁል የሚወረወር ሠርተዋል። ይህን ሁሉ የማውቀው ጋልቤው እንዳይመስላችሁ። የፊዚክስ መምህር ነኝ። እምቅ ጉልበት ወደ እንቅስቃሴ ጉልበት እንዴት እንደሚለወጥ ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አጥቼ ስልኬ ላይ ቪዲዮ ሳይ ሳይ ሱስ ሆኖብኝ ቀረ።

ነገሩ የደረሰብኝ ወላይታ ሶዶ ተመድቤ ማስተማር በጀመርኩ በአራተኛው ዓመት ነው። ናትናኤል እባላለሁ፤ ተወልጄ ያደግሁት አዳማ ነው፣ ሜዳ ላይ። ተማሪዎቼ "መምህር ኮስተር" ይሉኛል። እዚህ አገር ኮስተር ሲባል ሰው ቶሎ ትዝ የሚለው መንገደኛ የሚጭነው መኪና ስለሆነ፣ ስሜን ብቻ የሰሙ ሰዎች ሀብታም አድርገው ያስቡኝ ነበር። ሀብቴ ግን አንዲት የኪራይ ክፍልና ሩት ነበረች።

ሩት ነርስ ናት። ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች፣ ስትቆጣ ግን አትሸፍንም። ብዙ ጊዜ አብረን ቆየንና፣ በእምነትም አንድ ስለሆንን "ይሄ ጣጣ እንኳ የለብንም" ተባብለን ሽማግሌ ላክሁ። ጣጣው በሌላ በኩል መጣ። አባቷ አቶ ዳና ጡረታ የወጡ የዶዘር ኦፕሬተርና የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው። ወደ ገሱባ የሚወስደውን መንገድ ከጠረጉት ሰዎች አንዱ ነኝ ይላሉ፤ መንገዱ ዛሬም ወገብ ይሰብራል ብሎ የሚያማርር ሰው ካጋጠማቸው "ድሮ ስላላየህ ነው" ብለው ጀርባቸውን ይሰጡታል። ባለቤታቸው አርፈዋል። ሁለቱ ወንዶች ልጆቻቸው ደቡብ አፍሪካ ገብተው ቀርተዋል። እቤት የቀረችላቸው ሩት ብቻ ናት። ስለዚህ እኔን ሳያዩኝ ጠሉኝ።

"ከአዳማ የመጣ መምህር!" ይሉ ነበር አሉ። "የመንግሥት ሠራተኛ ዝውውሩን ኪሱ ውስጥ ይዞ ነው የሚያገባ። ነገ ልጄን ጭኖ ይሄዳል።"

ዋናው ሽማግሌዬ ጋሽ ማቴዎስ፣ ጡረታ የወጡ ርዕሰ መምህርና የአከራዬ ታላቅ ወንድም ናቸው። ሁለት ጊዜ ሄዱልኝ። ሁለቱንም ጊዜ አቶ ዳና በፊት ለፊት በር በፈገግታ ተቀብለው ካስገቧቸው በኋላ፣ "አንድ ጊዜ ውኃ ላምጣ" ብለው በጓሮ በር ወጥተው በእንሰቱ መሃል ጠፉ። ጋሽ ማቴዎስ በጣም ተናደዱ። "እምቢ ቢለን መልስ ነበር፤ አመድ ሆኖ መብነን ግን መልስ አይደለም" አሉኝ።

እኔ ደግሞ በበኩሌ የምሸሽ ሰው ነበርኩ። ሽማግሌ ልኮ መልስ ያልመጣለት ልጅ የልጅቷ አባት ዓይን ውስጥ አይገባም፤ ነውር ነው፣ ንቀት ነው። ሰውዬውን ከሩቅ ካየሁ መንገድ እቀይራለሁ፤ አንድ ቀን ገበያ ላይ ከኋላቸው ስለደረስኩ የማልፈልገውን ጎመን ገዝቼ በእሱ ፊቴን ሸፍኜ አልፌያለሁ። እሳቸው መልኬን አያውቁም ነበር፤ እኔ ግን ከጀርባ እንኳ ባርኔጣቸውን እለያለሁ።

በዚህ መሃል ጳውሎስ መጣ። ጳውሎስ ጆሃንስበርግ ሠርቶ የተመለሰ የሶዶ ልጅ ነው። ሌላው ተመላሽ ፎቅ ሲሠራ፣ እሱ በኮንቴይነር ሮለር ኮስተር ጭኖ መጣ። ቻይና ሠራሽ፣ ያገለገለ፣ ቁመቱ ዘጠኝ ሜትር። ከከተማው ወጣ ብሎ አንድ ሜዳ ተከራይቶ ለጊፋታ፣ ለወላይታ ዘመን መለወጫ፣ ሊያደርሰው ሌት ተቀን ይበይድ ጀመር። አንድ ችግር ብቻ ነበረበት። ባቡሩ ፊቱ ላይ የዘንዶ ራስ ነበረው። ሶዶ ውስጥ የዮሐንስን ራእይ በቃሉ የማያውቅ ሰው ጥቂት ነው፤ ዘንዶ ላይ ተቀምጦ በዓል የሚያከብር አማኝ ከየት ይመጣል? ጳውሎስ ይህን ሲረዳ የዘንዶውን ራስ አስቆርጦ በምትኩ ከቆርቆሮ የተቀጠቀጠ የበሬ ራስ አስበየደበት። ጊፋታ ያለ በሬ አይሆንም፣ በሬ ደግሞ ማንንም አያስቀይምም። ቀንዶቹ ግን ከልክ በላይ ረዝመው ነበር።

የምረቃው ቀን ጳውሎስ ደወለልኝ። "መምህር፣ ሰዉ ምን እንደሆነ እንዲያውቅ መድረክ ላይ ትንሽ አስረዳልኝ።" ደስ አለኝ። ስለ ኮስተር የሚጠይቀኝ ሰው በሕይወቴ ሙሉ ስጠብቅ ነበርና የኮሌታዬን ቁልፍ ዘግቼ ሄድኩ።

ሜዳው ጢም ብሏል። ማይክራፎኑን ይዤ ሃይፐሩን፣ ጊጋውን፣ ስትራታውን አንድ በአንድ ተነተንኩላቸው። ጳውሎስንም ቀደም ብዬ አንድ ነገር መክሬው ነበር፤ ባቡሩ ባዶውን ከሄደ አየሩና ሰበቃው አድክሞት መንገድ ላይ ሊቆም ስለሚችል ክብደት ይኑረው ብዬ። እሱም ምክሬን ተቀብሎ የኋላዎቹን ወንበሮች ሁሉ በጎዳሬ ጆንያ ሞልቶ፣ ጆንያዎቹን ቀበቶ አስሮላቸዋል። ንግግሬን ጨርሼ ልወርድ ስል ጳውሎስ ማይኩን ነጠቀኝ።

"አሁን ምረቃውን በጸሎት የሚከፍቱልን አባታችን አቶ ዳና ናቸው!"

ባርኔጣቸውን አውልቀው ከፊቴ በአንድ እርምጃ ርቀት አለፉ። ጸሎቱን ዓይኔን ጨፍኜ ሳይሆን መውጫ እየፈለግሁ ነው ያሳለፍኩት። "አሜን" ሲባል መድረኩን ለቅቄ ላፈተልክ ዞር አልኩ፤ ጳውሎስ ክንዴን ያዘኝ።

"ፊት ወንበር ላይ ሁለት ሰው ብቻ! የጸለየውና ያስረዳው!"

ሕዝቡ አጨበጨበ። አቶ ዳና በሬው ላይ ቀድመው ተቀምጠዋል፤ ቤተ ክርስቲያኑ በዘንዶው ነገር ያንሾካሾከውን ሁሉ ዝም ለማሰኘት የቆረጡ ይመስላሉ። ገፉኝና ከጎናቸው ተቀመጥኩ። የደኅንነት ብረቱ ጭናችን ላይ ቀጭ ብሎ ተዘጋ። "አትጨነቅ" አሉኝ ወደ ፊት እያዩ። "እኔ ገደል ላይ ዶዘር የነዳሁ ሰው ነኝ።" እኔ ግን የምጨነቀው በገደሉ አልነበረም።

ባቡሩ ጠ፣ ጠ፣ ጠ እያለ መውጣት ጀመረ። ሕዝቡ እያነሰ ሄደ። ዳሞታ ተራራ ደመናውን ተከናንቦ ከፊታችን ቆሟል። ልክ ጫፉ ላይ ሊደርስ አንድ ክንድ ሲቀረው፣ መድረኩ ላይ መዘምራን ድምፅ ማጉያውን እስከ መጨረሻ ከፍተው ገቡ። መድረኩና ባቡሩ ከአንድ የመብራት መስመር ነበር የተሳቡት። ጧ አለ። መዝሙሩ ጠፋ፣ ሞተሩ ጠፋ፣ እኛም ቀጥ አልን።

ከታች ጳውሎስ ይጮኻል። "ጄኔሬተር አለኝ! አትፍሩ!" ቀጥሎ ደግሞ "ቤንዚን የለውም! አትፍሩ!" አንድ ባጃጅ ቤንዚን ፍለጋ ወደ አረካ በረረ። ከሐዲዱ ጎን የሚተከለው የአደጋ ጊዜ መሰላልስ የታለ ብዬ ስቃኝ፣ እንግዶች እንዲወጡበት ተብሎ መድረኩ ሥር ተበይዷል። ሰዎች ከየቤታቸው መሰላል አመጡ፤ ረጅሙ እንኳ ከበሬው ሆድ አልደረሰም።

"መምህር" አሉ አቶ ዳና። ድምፃቸው ደረቅ ብሏል። "ወደ ኋላ ይሄዳል?"

"አይሄድም ጋሼ። ሲወጣ ጠ፣ ጠ የሚለው ከሥሩ ያለው ጥርስ ነው። አንድ ብረት እያንዳንዱን ጥርስ ይነክሳል። ወደ ላይ ይለቃል፣ ወደ ታች አይለቅም።"

"ክሪክ ነው በለኛ!"

"ክሪክ ነው፣ በትክክል።"

ረጅም ትንፋሽ ለቀቁ። ያኔ ነው ጉልበቴን በእጃቸው ጨብጠውት እንደቆዩ ያየሁት። እጃቸውን አንስተው እንዳላነሱ ሰው ወደ ዳሞታ ማየት ጀመሩ። ከዚያ የፈራሁት ጥያቄ መጣ።

"አንተ አገርህ የት ነው?"

ብዋሽ ነገ ሲታወቅ አለቀልኝ። እውነቱን ብናገር ደግሞ እዚያው አለቀልኝ። "ከ... ሜዳ አገር ነኝ ጋሼ" አልኩ። ቀጥለው ሊጠይቁኝ አፋቸውን ሲከፍቱ ስልኬ ጮኸ። ሩት ናት። ሆስፒታል ተረኛ ነበረች።

"ናቲ፣ አባዬ በሬው ላይ ተሰቅሎ ቀረ እያሉኝ ነው! አንተ የት ነህ?"

"በሬው ላይ" አልኩ በሹክሹክታ።

"ከማን ጋር?"

"ከጎኔ... ከሰው ጋር።"

"ወይ ጌታዬ! በል ቀበቶህን እንዳትፈታ፣ ወደ ታችም አትይ" ብላ ከጎኔ ላሉት እንኳ በሚሰማ ድምፅ ጮኻ ዘጋች። ስልኬን ኪሴ ሳልከት የአቶ ዳና ስልክ ጮኸ። ጆሯቸው ትንሽ ስለደከመ ስልኩን የሚያናግሩት በድምፅ ማጉያ ነው።

"አባዬ፣ ቀበቶህን እንዳትፈታ! ወደ ታችም አትይ!"

"እሺ ልጄ" አሉ። ስልኩን ዘጉ። ኪሴን አዩ። ፊቴን አዩ። የቆርቆሮውን ቀንድ አዩ፣ እንደገና ፊቴን አዩ።

"አንተ ነህ እንዴ?"

"አዎ ጋሼ።"

በወጉ መሠረት ወዲያው ተነሥቼ ከፊታቸው መሰወር ነበረብኝ። መሰወሪያ ግን የለም። ስለዚህ የሚቻለውን አደረግሁ፤ አንገቴን ወደ ግራ አዞርኩ። እሳቸው ወደ ቀኝ አዞሩ። ከታች ያየን ሰው ሁለታችንም አንገታችን የተቀጨ ነው የሚመስለው። እንደዚያ ሆነን አንገቴ እስኪደነዝዝ ድረስ ቆየን። ደመናው ከዳሞታ ወርዶ ማካፋት ጀመረ።

እሳቸው ፊታቸውን ሳያዞሩ "ይሄ ያወራኸው" አሉ፣ "ሃይፐር፣ ጊጋ ያልከው፣ አንተ ራስህ የጋለብከው ትልቁ የቱ ነው?"

"ይሄ ነው ጋሼ። ሌላ ጋልቤ አላውቅም።"

"እኔም ይሄ ነው። ይሄ ከየትኛው ይመደባል?" አሉ።

አንዳንድ እውነት ከዘጠኝ ሜትር ላይ ሲነገር ይከብዳል። "የሕፃናት ነው" አልኩ።

አንገታቸው በአንድ ጊዜ ዞረ። "የምን?"

"እስከዚህ ቁመት ያለው የሕፃናት ነው የሚባለው ጋሼ። ቢበዛ የቤተሰብ።"

ወደ ሕዝቡ አዩ። የሚያውቃቸው ሁሉ ከታች ቆሟል፣ ስልኩን አንስቶ ይቀርጻል። "ይህን ለማንም አትናገር" አሉኝ ቀስ ብለው። ልክ በዚያን ጊዜ ጳውሎስ ባትሪ የሚበላውን ጡሩምባ ማጉያ ከየትም አግኝቶ "አባታችን አይፍሩ! የሕፃናት መጫወቻ ነው!" ብሎ ለወላይታ ሁሉ አወጀ። አቶ ዳና ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ሲገልጡ ከሥራችን ሦስት ሽማግሌዎች በሰልፍ ቆመው አዩ። መሃል ላይ ጋሽ ማቴዎስ ናቸው። በዓሉን ሊያዩ መጥተው፣ ማን ከማን ጋር እንደተሰቀለ ሲሰሙ የቀሩትን ሁለቱን ከያሉበት ለቅመው መጥተዋል።

"አቶ ዳና!" ብለው ተጣሩ። "እንደምን ዋልክ!"

"እግዚአብሔር ይመስገን! አየኸኝ አይደል!"

"አየሁህ! ዛሬ ጓሮ የለም!"

ሕዝቡ በሳቅ ፈነዳ። እኔ ብረቱ ውስጥ መቅለጥ ብችል በቀለጥኩ። ጋሽ ማቴዎስ ግን ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ ድምፃቸውን እንደ ሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት ቀን ከፍ አድርገው ቀጠሉ። "ልጅህን ለልጃችን እንድትሰጠን ነው የመጣነው!"

"ሰው አየር ላይ ሆኖ ልጅ ይሰጣል እንዴ? ልውረድ!"

"ውረድ!" አሉ ጋሽ ማቴዎስ።

ካፊያው ወደ ዝናብ ተለወጠ። የጋሽ ማቴዎስ ጉልበት እንደሚያማቸው ከተማው ሁሉ ያውቃል። ሰዎች ወንበር አመጡላቸው፤ በእጃቸው መለሱት። ሽማግሌ ቃሉ ሳይሰማለት አይቀመጥም፤ የልጅቷ አባት "ቁጭ በሉ" ካለ ደግሞ ነገሩ ተሰማ ማለት ነው። ይህን ሁላችንም እናውቃለን። አቶ ዳና የዕድሜ እኩያቸው በዝናብ ሲደበደቡ እያዩ "ቁ..." ይሉና መልሰው ይውጡታል። ሦስቴ እንዲህ ሆኑ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ፤ በዚህ ጊዜ ሙሉ በሙሉ።

"ዝውውር ጠይቀሃል?"

"አልጠየቅሁም።"

"ትጠይቃለህ?"

"ከዚህ ወንበር ቢፈቀድልኝ አሁን እጠይቃለሁ።"

ትከሻቸው ትንሽ ተነቃነቀ፤ ግን አልሳቁም። የአቶ ዳና አማርኛ በወንድና በሴት ብዙ አይጨናነቅም። "ስማኝ" አሉ። "ሚስቴ ሞተ። ወንዶቹ ሄደ። ሩት ከሄደ እኔ ከማን ጋር ራት እበላለሁ?"

ለወራት ስፈራቸው የኖርኩት ሰው ዝናብ አፍንጫቸው ጫፍ ላይ እየተንጠባጠበ ነበር ይህን የጠየቁኝ። "ጋሼ፣ አልሄድም ብዬ ልምልልዎ እችል ነበር" አልኩ። "ግን ሩት የት መኖር እንደምትፈልግ ጠይቄያት አላውቅም። እርስዎስ?"

እሳቸውም ጠይቀዋት አያውቁም። ስልካቸውን አወጡና ደወሉ። "ልጄ፣ ይህን ልጅ ብታገቢ የት ነው የምትኖሪው?"

"አባዬ፣ ናቲም ይሰማል?"

"ይሰማል። የት ይሄዳል?"

"ለሁለታችሁም ልነግራችሁ ነበር፤ ፈርቼ ነው። የማደንዘዣ ትምህርት ተወዳድሬ አለፍኩ። ጅማ ነው። ሁለት ዓመት። ባገባም ባላገባም እሄዳለሁ አባዬ። ከዚያ እመለሳለሁ። ተቆጣህ?"

አቶ ዳና ስልኩን አዩት። እኔም አየሁት። ከኋላችን የተቀመጡት የጎዳሬ ጆንያዎች ከእኛ የተሻለ ተረጋግተው ነበር።

"አንተ አታውቅም?" አሉኝ።

"አላውቅም ነበር።"

"ስለዚህ የሚሄደው አንተ አይደለህም።"

"አይደለሁም።"

"እሷ ነው።"

"እሷ ናት።"

"አንተ እዚህ ነህ።"

"ሥራዬ እዚህ ነው ጋሼ።"

ዘይት ያፈስስ እንደሆነ እንደሚያዩት ያገለገለ ዶዘር ከላይ እስከ ታች መረመሩኝ። "ራት የሚያበስልልህ ማን ነው?"

"ራሴ ነኝ።"

"ዳጣ መሥራት ታውቃለህ?"

"አላውቅም።"

"ሥጋ ያለ ዳጣ!" አሉ በሐዘኔታ። ስልኩን ወደ አፋቸው አስጠጉ። "አልተቆጣሁም ልጄ። ተማሪ። እኛ እዚህ እንጠብቃለን" ብለው ዘጉ። "እኛ" የሚለውን ቃል ሰማሁት፤ ግን ለማመን አልደፈርኩም።

በዚያው ቅጽበት ከታች ጄኔሬተሩ አሳለና ተነሣ። ባጃጁ ከአረካ ተመልሷል። ሕዝቡ እልል አለ። ከሥራችን ሰንሰለቱ ጎተት አደረገን፣ ጠ፣ ጠ፣ የበሬው አፍንጫ ጫፉን አልፎ ወደ ታች አዘነበለ። አቶ ዳና ብረቱን በሁለት እጃቸው ጨበጡና ባላቸው ድምፅ ሁሉ ጮኹ።

"ማቴዎስ!"

"አቤት!"

"ቁጭ በል! ሁላችሁም ቁጭ በሉ!"

ከዚያ ወደቅን። ለዓመታት በጥቁር ሰሌዳ ላይ በቀስት የሳልኩት ጉልበት ሆዴ ውስጥ ገባ። እሳቸው የኢየሱስን ስም ይጠራሉ፤ እኔ ምን እንዳልኩ አላውቅም፣ በቪዲዮው ላይ ግን የፍየል ድምፅ ነው የሚሰማው። በመጀመሪያው ጥምዝ ላይ አንዱ ቀንድ ተነቅሎ ሄደ። በሁለተኛው ላይ የኋላው ጆንያ ተፈትቶ ጎዳሬ በሕዝቡ ላይ ዘነበ። በዚህ ሁሉ መሃል፣ በመዟዟሩ ውስጥ፣ አንድ ነገር ጥርት ብሎ ታየኝ፤ ጋሽ ማቴዎስ በጥቁር ሱፋቸው ጭቃው ላይ ዘጭ ብለው ተቀምጠው ሁለት እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘርግተዋል። አለቀስኩ። በነፋሱ ነው ብዬ ነበር፤ በነፋሱ አይደለም።

ግልቢያው ከአንድ ደቂቃ አልበለጠም። ስንቆም ማንም ተነሡ አላለንም፣ እኛም አልተነሣንም። "አመሰግናለሁ ጋሼ" አልኩ በመጨረሻ።

"ጋሼ ለውጭ ሰው ነው" አሉ ባርኔጣቸውን እየፈለጉ። "አዋ በለኝ። እኛ አባትን እንደዚያ ነው የምንጠራ።" ባርኔጣው ዛሬ ድረስ አልተገኘም።

ከተማው በነገሩ ለሳምንታት ተከራከረ። "በድንጋጤ ያለው ቃል አይጸናም፣ ሰውዬው ፈርቶ ነው ልጁን የሰጠው" የሚሉ ነበሩ። አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን በር ላይ ይህንኑ ፊት ለፊት ጠየቋቸው። "ፈርቼ ቢሆንማ 'አውርዱኝ' እል ነበር" አሉ። ክርክሩ በዚያ ተዘጋ።

ውድ አንባቢዎቼ፣ እኔ ከዚያ ቀን በፊት ነገርን በሜትር የምለካ ሰው ነበርኩ። አሁንም ተማሪዎቼን ሃይፐሩንና ጊጋውን አስተምራለሁ፤ ምደባው ትክክል ነው፣ አልተጣላሁትም። ግን አንድ ነገር እነግራችኋለሁ። እኔ አቶ ዳናን ስሸሽ ጎመን ተሸክሜያለሁ፤ እሳቸው እኔን ሲሸሹ በራሳቸው ጓሮ እንሰት ለእንሰት ተሽሎክልከዋል። ሁለታችንም የፈራነው አንድ ነገር ነበር፤ ሩትን ማጣት። የሕፃናት መጫወቻ ላይ እስክንታሰር ድረስ አንዳችንም ይህን ለሌላው አልተናገርንም። እናንተም የምትሸሹት ሰው ካለ፣ ኮስተር እስኪመጣ አትጠብቁ። ብዙ ከተማ ውስጥ የለም።

ሠርጉ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ሆነ፣ ሩትም ጅማ ገባች። እኔ የኪራይ ክፍሌን ለቅቄ አዋ ዳና ቤት ገባሁ። ሚስቱ በሌለችበት አማቱ ቤት የሚኖር መምህር በከተማው እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። ማታ ማታ አብረን እንበላለን፤ ዳጣውን እኔ እሠራለሁ፣ እሳቸው ያርሙኛል። ሩት የምትመጣ ቀን ሁለታችንም ሳንቀጣጠር መናኸሪያ እንገናኛለን።

ባለፈው ጊዜ ስትመለስ ሸኝተናት፣ አውቶቡሱ በቤሌ በኩል ወደ ጅማ መንገዱን ይዞ ከዓይናችን እስኪጠፋ ቆምን። እኔ ከጠፋም በኋላ ቆሜ ቀረሁ። አዋ ዳና ትንሽ ካዩኝ በኋላ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ናትናኤል፣ በትዳር ምክንያት ዝውውር ይፈቀዳል አይደል?"

"ይፈቀዳል አዋ።"

"ታዲያ ለምን አትጠይቅም?"

ጆሮዬን ተጠራጠርኩ። "እርስዎስ? ከማን ጋር ራት ይበላሉ?"

ወደ ባዶው መንገድ እያዩ አዲሱን ባርኔጣቸውን አስተካከሉ።

"ለጡረተኛ ዝውውር የለም እንዴ?" አሉ።